የማይታጠፍ እግር

ከሰፈራችን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ይወርዳል። ታች ትንሽ ድልድይ አለች፤ ከድልድዩ ማዶ ዳገት ነው። መቱ ላይ ዝናብ አይጠፋምና ቁልቁለቱ አብዛኛውን ዓመት ያንሸራትታል። ቀብር የሚሄደው በዚያ ነው። መኪና የሚዞርበት ሌላ መንገድ አለ፤ የዕድራችን ሰዎች ግን ሰው በትከሻ እንጂ በመኪና መሸኘት አይወዱም።

ሣጥን ተሸክሞ ያንን ቁልቁለት መውረድ ቀላል አይደለም። ከፊት ያሉት ሸካሚዎች ዝቅ ሲሉ ሣጥኑ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ውስጥ ያለው ሰው ወደ እግሩ ይንሸራተታል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ እዚያ ሲደረስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ረጅም ሰው ወደ ፊት!» ብሎ ይጣራል። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ረጅሞቹ ወደ ኋላ ይዛወራሉ።

ባለቤቴ ረጅም ነበር። ቀብር ላይ ከሁሉ ኋላ መሄድ ይወድ ነበር። ሲጠራ ሴቶቹን አልፎ ይመጣል፤ እኔ ነጠላዬን ሰብስቤ መንገድ እለቅለታለሁ። ቀና ብሎ አያየኝም። የማስታውሰው ጋቢው ክንዴን ነክቶ ሲያልፍ ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ እግሩ ነው። ስለ ሌላው መጻፍ ገና አልቻልኩም። እጄ እስክሪብቶውን ይይዛል፤ ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስለ እግሩ ሲሆን ይሄዳል።

በቁመት ከእሱ እኩል የሚሆን በሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ ነበር። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ መቱ የቀረ፣ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ ያለው የጨርቅ ነጋዴ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች የሆኑት ሣጥን ሥር ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። «ረጅም ሰው ወደ ፊት!» ሲባል አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ ይገባሉ፤ ሣጥኑ ቀጥ ይላል። አጣማጄ ይባባሉ ነበር፤ እንደ በሬ።

«አንተ ባሕር ዛፍ፣ ጎንበስ በል እንጂ፤ ሟቹ ወደ እኔ መጣ» ይለዋል ነጋዴው በለሆሳስ።

«አንተ ነህ ያጠርከው። ጨርቅ ስትቆርጥ ራስህንም አብረህ ሳትቆርጥ አልቀረህም።»

ከጎናቸው ያለው ሸካሚ ከንፈሩን ይነክሳል። ቀብር ላይ መሳቅ ነውር ነው።

ባለቤቴ የግብርና ሠራተኛ፣ የቡና ባለሙያ ነበር። ሥራው ዳሪሙ ወረዳ ገጠር ነበር የሚበዛው። መኪና የማይገባበትን በእግሩ፣ የሚገባበትን በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት ይዞር ነበር። አንድ ክረምት ሞተሩ ጭቃ ላይ ተገለበጠና ቀኝ እግሩ ሥሩ ቀረ። ገበሬዎቹ ቃሬዛ ሠርተው፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው ወደ መኪና መንገድ አወጡት። ዘመዶቹ ደግሞ እዚሁ ቅርባችን ቡሬ ወደሚገኝ ስመ ጥር ወጌሻ ወሰዱት። ወጌሻው ቁርጭምጭሚቱን አቃንቶ በቀርከሃ አሰረው። ዳነ ተባለ። ለብዙ ዓመት ሄደበት።

ኋላ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ግድግዳውን ይዞ ነበር፤ ግድግዳው እጁ በሚያርፍበት ቦታ ጠቆረ። ሲራመድ ቁርጭምጭሚቱ ድምፅ ነበረው፤ አሸዋ የገባበት የበር ማጠፊያ ዓይነት። ከጓዳ ሆኜ ያንን ድምፅ ስሰማ የት እንዳለ አውቃለሁ። ሣጥን ሲሸከም የጋቢውን ጫፍ በጥርሱ ይይዛል። አጣማጁ ይህን አይቶ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ታከም ወይ ጋቢውን ብላውና እንገላገል» አለው።

እዚህ መቱ ራጅ ተነሣ። መገጣጠሚያው አልቋል፣ አጥንት በአጥንት ላይ ነው የሚሄደው አሉንና አዲስ አበባ ላኩን። እዚያ ያገኘነው የአጥንት ሐኪም ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ። ሁለት እጁን ጨብጦ አንዱን በአንዱ ላይ አስቀመጠና አሳየን። ያለቀውን ፍቆ ያነሣል፣ ሁለቱን አጥንት አቀራርቦ በብሎን ያስራል፣ ከጊዜ በኋላ አንድ አጥንት ይሆናሉ።

«ይታጠፋል?» አለ ባለቤቴ።

«አይታጠፍም።»

«ያመኛል?»

«ከገጠመ አያምዎትም።»

«ካልገጠመስ?»

«ያኔ እንነጋገራለን። እንዲገጥም ግን፣ እኔ ይበቃል እስክልዎት ድረስ ይህን እግር መሬት እንዳያስነኩት።»

«ሸክምስ?» አለ ባለቤቴ።

ሐኪሙ የቡና ጆንያ ሳይመስለው አልቀረም። «ምን ዓይነት ሸክም?»

«ሬሳ።»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ።

«ሜዳ ላይ ምናልባት» አለ በመጨረሻ። «ቁልቁለት ግን አልመክርም። ሰው ቁልቁለት ሲወርድ የሚታጠፈው እዚህ ጋ ነው።»

«የእኛ አገር ሜዳ የለውም» አለው ባለቤቴ።

ቢሆንም እሺ አለ። አልጋው ላይ ሆኖ፣ «ሕመሙ ከሄደ ሌላውን እለምደዋለሁ፤ ቁልቁለቱንም ቀስ ብዬ እወርደዋለሁ» አለኝ። ሐኪሙ የነገረውን ሰምቷል። የሰማውን ግን በራሱ መንገድ ነበር የያዘው።

በጀሶ ተመለስን። ጎረቤት በሙሉ ሊጠይቀው መጣ። የነጋዴው ሚስት ቅቤ በቅል ይዛ መጣች። ከእኔ በዕድሜ ስለምትበልጥ እትዬ ነው የምላት።

«እግር ካልታጠፈ ምኑን እግር ሆነው?» አለች። «ጀሶው ይውለቅ እንጂ እኔ አሽቼ አላላዋለሁ።»

«እትዬ፣ እንዳይላላ ብለን ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድነው» አልኳት።

«አይ አንቺ ልጅ! የተማረ ሁሉ እንዲህ ነው።»

ባሏ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ ይስቃል። «ቅቤሽን መልሺው። ሰውዬውን እንደ ጋሪ በብሎን ነው የገጠሙት፤ የሚያስፈልገው ግራሶ ነው።» ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሮ፣ «አይዞህ፣ አንተ እስክትነሣ ድረስ ማንም እንዳይሞት ለዕድሩ እናገራለሁ» አለው።

ክረምቱ መሐል ላይ ነጋዴው ራሱ ሞተ። ብዙም አልታመመም። ሆዴን አለ፣ ሆስፒታል አስገቡት፣ አልወጣም። ጥሩንባው ሲነፋ ገና አልነጋም ነበር። ነፊው በቤታችን በኩል ሲያልፍ ድምፁን እንደ ወትሮው ከፍ አላደረገውም። አልጋው ላይ የማን እግር እንዳለ ያውቃል።

ባለቤቴ ተነሥቶ ተቀመጠና ክራንቹን እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ።

«ሐኪሙ መሬት አታስነካ ብሏል» አልኩት።

«ሐኪሙ የማን ጎረቤት ነው?»

ዝናብ ስለነበር ጀሶውን በፌስታል አሰርኩለት። ጋቢውን ደረብኩለት። ባጃጅ ጠራን፤ ባጃጁ ቁልቁለቱ አፍ ድረስ አደረሰንና እዚያ ቆመ። ባለቤቴ ክራንቹን ተደግፎ ቆሞ ሊሸኝ ነበር ሐሳቡ። እኔም ያመንኩት እንደዚያ ነው።

ሣጥኑ ቁልቁለቱ ጋ ደረሰ። «ረጅም ሰው ወደ ፊት!» ተባለ። የሚመጣ ጠፋ። ከሁለቱ አንደኛው ሣጥኑ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ደግመው ተጣሩ፤ ሲጣሩ ወደ ባለቤቴ አላዩም፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ሣጥኑ አዘንብሎ ቆመ። የነጋዴው ሚስት ጩኸቷን አቋረጠች።

ባለቤቴ ክራንቹን ከጎኑ ለነበረው ሰው ሰጠና ሣጥኑ ሥር ገባ።

ማንም አልመለሰውም። ሁሉም ጀሶውን ያውቁታል፤ ሁሉም ቤታችን መጥተው አይተውታል። ግን ቀብር ላይ ትከሻውን ይዞ የመጣን ሰው ተመለስ አይባልም። ቦታ ለቀቁለት። ሣጥኑ ቀጥ አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ ጭንቅላቱ ከሌሎቹ በላይ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። እስከ ድልድዩ ድረስ እንደዚያ ወረደ። ፌስታሉ መሐል መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል፤ ሳልፍ አየሁት።

ከዚያ ወዲያ ሰዎች «ለምን አልከለከልሽውም?» ይሉኝ ነበር። ያሉኝ እነዚያው ቦታ የለቀቁለት ሰዎች ናቸው።

አዲስ አበባ ተመልሰን ስንሄድ ራጁ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ። አጥንቶቹ አልገጠሙም፤ ከብሎኖቹ አንዱ ተሰብሯል። ሐኪሙ አልተቆጣም።

«ወድቀው ነበር?»

«አልወደቅሁም።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«ጓደኛዬን ሸኘሁ።»

ሐኪሙ ራጁን ከመብራቱ ላይ አወረደና ያለ ምክንያት እንደገና ሰቀለው።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ከባድ ነበር። ከዳሌው አጥንት ወስደው ክፍተቱን ሞሉት። ከቁርጭምጭሚቱ ይልቅ ዳሌው አሠቃየው። ዳግመኛ ጀሶ፣ ዳግመኛ ክራንች። በዚያ ጊዜ ውስጥም ሰው ሞተ፤ ጥሩንባው ተነፋ። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ቁልቁለቱ ላይ ጥሪው ሲሰማ ነጠላዬን ሰበሰብኩ፤ ከዚያ ለቀቅኩት።

ገጠመ። የመጨረሻው ራጅ ላይ መስመሩ የለም። ሐኪሙ በጣቱ እያሳየ፣ «የት እንደነበረ እኔም አሁን አላውቀውም» አለ። ደስ ብሎታል። በሐኪም ቤት ቋንቋ ጥሩ ውጤት የሚባለው ይህ ነው፤ እውነትም ጥሩ ነበር። ሕመሙ ሄደ። ያ ድምፅ ጠፋ። ጠዋት ግድግዳ ሳይነካ ሲነሣ ተኝቼ እንደማላይ ሆኜ አየሁት። ቤት ውስጥ የት እንዳለ ግን በድምፅ ማወቅ ቀረብኝ፤ አንዳንዴ ድንገት ከኋላዬ አገኘዋለሁ።

ሌላው ሌላ ነው። ቁጢጥ ማለት አልቻለም፤ ቁርጭምጭሚት ካልታጠፈ ሰው ቁጢጥ አይልም። ይህን አስቀድሞ ያሰበበት የለም። አናጢ ጠርቶ ለሽንት ቤቱ መሐሉ የተቦረቦረ የእንጨት ወንበር አሠራ። የሰፈሩ አሮጊቶች ሰምተው ሊያዩት መጡ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ተራ በተራ ይዋሱት ጀመር። «ወንበሬ ከእኔ በላይ ተወዳጅ ሆነ» ይላል። ጫማ ሰፊው የቀኝ ጫማውን ሶል ከሥሩ ክብ አድርጎ አወፈረለት፤ እግሩ የማይሠራውን ጫማው እንዲንከባለልለት። በዐቢይ ጾም መስገድ ስለማይችል ከዘራውን ተደግፎ ራሱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። ቁልቁለት ሲወርድ ይዞራል፤ በጎኑ ነው የሚወርደው፤ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው፣ ጠበብ ባለ መሰላል ላይ እንደሚወርድ ሰው።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት፣ የእግሩ ጀርባ ላይ ሕመም ጀመረው። ያው ሐኪም፣ አንዱ መገጣጠሚያ ሲዘጋ ጎረቤቶቹ የእሱን ሥራ ደርበው ይሠራሉ፣ በጊዜ ብዛት ይደክማሉ አለው። ባለቤቴ ይህን ወደደው። ላገኘው ሰው ሁሉ «እግሬም ለካ ዕድር አለው» ይል ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ በኦሮምኛ «ሚሊ ኬሰን አከም?» ብለው እግሩን ሲጠይቁት፣ «ጎረቤቶቹ ተሸክመውታል» ብሎ ይመልስላቸዋል።

እንደዚያ ሲቀልድ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ከዳነ በኋላ የሄደበትን የመጀመሪያውን ቀብር አስባለሁ።

የደረቀ ቀን ነበር። ጥሪው ተሰማ። ባለቤቴ ከኋላ ተነሣ፤ መንገድ ለቀቅኩለት፤ አለፈኝ። ጫማው አዲስ ተጠርጓል። ሣጥኑ ጋ ሲደርስ አንድ ጎልማሳ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገና «ጋሼ፣ እርስዎ ይቅርብዎት» አለው። በትሕትና ነው። ሌላውም «ጋሼ፣ በቂ ሰው አለ» አለ። በቂ ሰው አልነበረም። በጎን ስለሚወርድ ሣጥኑ አብሮት ይዞራል ብለው ነው የፈሩት፤ ትክክል ናቸው። በጀሶ ሳለ ያልመለሱትን ሰው በጤናው መለሱት።

ቆመ። ሣጥኑ እንዳዘነበለ ወረደ። እኔና የነጋዴው ሚስት ስናልፈው ከዘራውን አፈር ውስጥ እየተከለ እየነቀለ ነበር። እሷ እግሩን አየች፤ ፊቱን አላየችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁልጊዜ ሰላም ስትለው መጀመሪያ እግሩን ነው የምታየው። ስለ ባሏ ቀብር አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም። ቅቤ ግን መላክ አላቋረጠችም። እኔ ወጥ እሠራበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ቀብር ሲኖር በመኪናው መንገድ በባጃጅ ዞሮ፣ ከሁሉም ቀድሞ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይጠብቃል። ማንም ጠብቅ አላለውም። ጥሩንባ በሰማ ቁጥር ግን ሁለቱንም ጫማዎቹን ይጠርግ ነበር።

የሞተው ጠዋት ነው። የደም ግፊት ነበረበት። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል፤ የማይታጠፈውን እግር ማሰር ጊዜ ስለሚፈጅበት መጀመሪያ እሱን ነው የሚያስረው። ቀኙን አስሮ ጨረሰ። ግራው አልታሰረም።

ሊገንዙት ከዕድሩ ሰዎች መጡ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እኔ ከበሩ ውጪ ቆሜያለሁ። አላለቅስም ነበር። የማስበው የወንበሩን ነገር ነው፤ አንዷ አሮጊት ተውሳው ስለነበር ማን ሄዶ ያምጣው ብዬ ነው የማስበው። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማኛል። የአውራ ጣቶቹን አጋጥመው ሊያስሩ ነው፤ አልሆነላቸውም። የግራው እግር እንደ ማንኛውም ሟች እግር ወደ ታች ተዘርግቷል። የቀኙ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጣቶቹ ወደ ጣሪያው።

«ይሄኛው እምቢ አለ» አለ አንዱ።

«ጫን በለው።»

«ጫን ብዬዋለሁ እኮ።»

ከዚያ አንዱ ወደ በሩ መጣ። ያ ቁልቁለቱ ላይ ባለቤቴን በመዳፉ የመለሰው ሰው ነው። ቀና ብሎ አላየኝም።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። የጋሼ እግር…»

«አይታጠፍም» አልኩት። «አትታገሉት። ግራውን ወደ እሱ አምጡት።»

ግራውን ቀና አድርገው ወደ ቀኙ አመጡትና አሰሩት። ሁለቱም ቆመው ነው የተገነዙት።

ሣጥኑ ከቤት ሲወጣ ዝናብ ያካፋ ነበር። ሰዎች እያለፉ «ጀባዹ» ይሉኛል፤ በርቺ ማለታቸው ነው። እሺ እላለሁ። የነጋዴው ሚስት ክንዴን ይዛኛለች። እጇ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሣጥኑን የተሸከሙትን ከኋላ አየኋቸው፤ ሁሉም አጫጭር ናቸው። ይህን ያየሁት ያለ ምንም ስሜት ነው፤ የሌላ ሰው ቀብር ላይ እንደሚታይ።

ቁልቁለቱ ጋ ደረስን። ሣጥኑ ወደ ፊት አዘነበለና ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ «ረጅም ሰው ወደ ፊት!» አሉ።

ነጠላዬን ሰብስቤ መንገድ ለቀቅኩ።